ዝም ብለሽ ነጥብ አድርጊ

ይህን የምጽፈው ለመታረቅ አይደለም። ታረቂ ያለኝም የለም። የምጽፈው ነገሩን ሌላ ሰው ሲያወራው እኔን «አንዲት እናት» ብሎ እንዳያልፈኝ ነው። ስም አለኝ፤ አስካለ እባላለሁ።

ልደታ ተወልጄ ልደታ ያረጀሁ ነኝ። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ምትክ ቤት እዚሁ ከደረሳቸው ጥቂቶች አንዷ ስሆን፣ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ከእህቴ ልጅ ከሜሮን ጋር ነው። ዛሬ መኪና የሚቆምበት ግቢ፣ ከመብራቱ ምሰሶ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ የእናቴ ጓዳ ነበር። ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥቼ ቁልቁል ሳይ የማላውቀው ሰው መኪና እናቴ ጓዳ ውስጥ ቆሞ አገኘዋለሁ። ለማን ይነገራል? ዝም እላለሁ።

ዝም ማለትን ያስተማረኝ ሰው አለ። ነገሩም እሱ ላይ ነው የሚደርሰው።

በወጣትነቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ፊደሉን አካሉን ለብቻ፣ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ እየመታችሁ ነው የምትሠሩት። እኔ እጄን ሳላይ እጽፍ ነበር። የታይፕ ክፍላችን መስኮቱ ሰፊ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲገባ ሪባኑ ይሞቅና የቀለሙ ሽታ ክፍሉን ይሞላው ነበር። ሁላችንም ስንመታ የሚሰማው ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ ዝናብ ነው። አለቃ ሲገባ ዝናቡ ይበረታል፤ ሲወጣ ያባራና ወሬ ይጀመራል። አብራኝ የምትቀመጠው ጸዳለ ነበረች። ከሥራ ስንወጣ በሰንጋ ተራ በኩል በእግራችን እንወርዳለን፤ ደመወዝ ሰሞን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ጎራ ብለን ተመሳሳይ ቀሚስ እናዛለን። ያ ዘመን ይናፍቀኛል። የሚናፍቀኝ ወጣትነቴ ብቻ አይደለም። ያኔ አንድን ነገር ከማንም በላይ እችል ነበር።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ክፍሉ ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ ማሽኖቹ ጨርቅ ለብሰው፣ እኛ ደጃፉ ላይ ጫማ አውልቀን ነበር የምንገባው። የካልሲዬ አውራ ጣት ተቀዶ ስለነበር እግሬን ከወንበሩ ሥር ደብቄ እንደተቀመጥኩ ትዝ ይለኛል። አስተማሪው ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ዘሪሁን የሚባል ሰው ነበር። ቀጭን፣ ክራቫቱ የማይላላ። ሰሌዳው ላይ አንድ ትዕዛዝ ጻፈ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ጥቂት ቃላት፣ መጨረሻው ላይ ክፍተት፣ ከክፍተቱ በኋላ አንዲት ነጥብ። እጄን አወጣሁ።

«ይቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ነጥብ ምን ትሠራለች?» አልኩ።

«ዝም ብለሽ ነጥብ አድርጊ» አለኝ።

«አደርጋለሁ። ግን ምን እንደምትሠራ ባውቅ ብዬ ነው።»

ወደ ክፍሉ ዞረ። «ነጥብ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው የጽሕፈት መኪናው ይሻለዋል» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ጸዳለም ሳቀች። ነፍሷን ይማርና፣ ሳቋን ግን እስካሁን አልማርኩላትም።

ስልጠናው ሲያልቅ «ለኮምፒውተር ዝግጁ» ከተባሉት ውስጥ አልነበርኩም። የታይፕ ክፍሉ ተዘጋና መዝገብ ቤት ተመደብኩ። ጡረታ የወጣሁት ከዚያው ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ማንንም ምንም አልጠየቅኩም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ሜሮን ፕሮግራም ጻፊ ናት። ከጓደኞቿ ጋር ሆነው በአማርኛ መመሪያ እያዘጋጁ ነበር። እኔ እንደገባኝ እንዲህ ነው። አንድ ጀማሪ ትንሽ ፕሮግራም ቢጽፍ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራው እሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሌላ ሰው እንዲገለገልበት ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አብሮ መጠቅለል አለበት። ለዚህ የሚሆን ባዶ ናሙና ፎልደር አለ፤ እነሱ ቴምፕሌት ይሉታል። ልክ እንደ ተቆርጦ የመጣ ልብስ ነው፤ ባለቤቱ በልኩ ይሰፋዋል። ሜሮን ይህን ለማያውቅ ሰው እንዲገባ አድርጋ ስትጽፍ ከርማለች። ቅዳሜና እሑዷ አለቀ። አንዳንድ ቀን ከላፕቶፑ ሳትነሳ እራቷን አቀርብላት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና «እቴቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለችኝ።

«ጠይቂ።»

«መመሪያውን የሚሞክርልን ምንም የማያውቅ ሰው እንፈልጋለን።»

«እና ዞረሽ ዞረሽ እኔ ጋ ደረስሽ።»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም» ብላ ሳቀች። «በላፕቶፔ ደብዳቤ መጻፍ ትችያለሽ፤ ፕሮግራም አታውቂም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የምንፈልገው። እንደኛ ያለ ሰው ከሞከረው ሳያነብ ያልፈዋል።»

እሺ አልኳት። ከዚያ በኋላ ነው የቀረውን የነገረችኝ። ማሰልጠኛዎች የሚጠቀሙበትን መመሪያ የሚያጸድቁት አንድ ኢንጂነር ናቸው፤ የእሳቸው የድሮ ጽሑፍ አለ፤ የእሷን «ወሬ የበዛበት» ብለው ሊጥሉት ነው። ቅዳሜ መጥተው ሁለቱንም በዓይናቸው ያያሉ፤ የተሻለው ይሄዳል፤ ሌላው ይቀራል።

«ማን ይባላሉ?» አልኳት።

«ኢንጂነር ዘሪሁን።»

ዓርብ ማታ መሥሪያ ቤት እለብሰው የነበረውን ሰማያዊ ኮቴን አውጥቼ ተኮስኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሕንፃችን ሥር ያለው ኮሚናል ውስጥ ተሰበሰብን። ሰርግም ለቅሶም የምናስተናግድበት አዳራሽ ነው፤ ያን ቀን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕና የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ብቻ ነበሩ። የሜሮን የሥራ ባልደረባ ከድር ቀድሞ ደርሶ ገመድ ይዘረጋል። ከድር የጠመንጃ ያዥ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«እትዬ አስካለ፣ በኮት መጥተዋል። ፈተናው ከበደን ማለት ነው።»

«አንተ ገመድህን ዘርጋ» አልኩት።

ዘሪሁን ገባ። ክራቫቱ የለም፤ ከዘራ ይዟል። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈና እንደ ወንበሩ አየኝ። አላወቀኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሳቁ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ። እኔ ከእሱ ጋር ስንት ዓመት ኖሬአለሁ፤ እሱ ከእኔ ጋር አንድ ቀን እንኳ አልኖረም።

«እናቴ፣ አይጨነቁ፤ ቀላል ነው» አለኝ።

«እናትዎ አይደለሁም። በዕድሜ ሳይበልጡኝ አይቀሩም» አልኩት።

ከድር ፊቱን ወደ ገመዱ መለሰ። ሜሮን «እቴቴ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ደንቡ ቀላል ነበር። ጽሑፉን አነባለሁ፣ እንደሚለው አደርጋለሁ፣ ማንም አይረዳኝም። ፕሮግራሙን ሜሮን አዘጋጅታዋለች፤ የግዕዝ ቁጥር ሲጽፉለት በተለመደው ቁጥር የሚመልስ ትንሽ ነገር ነው። የእኔ ሥራ እሱን ጠቅልሎ ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ነው። መጀመሪያ የእሱ መመሪያ ቀረበልኝ፤ አንድ ገጽ። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ፎልደሩን ክፈት። ዝም ብለህ እንደተለመደው አዘጋጀው።» ቀና አልኩ። «እንደተለመደው ማለት እንዴት ነው?»

«እንደ ሁልጊዜው» አለ።

«እኔ ሁልጊዜ የለኝም። ዛሬ መጀመሪያዬ ነው።»

«ይህ እንግዲህ ለእርስዎ አልተጻፈም።»

«ለማን ነው የተጻፈው?»

«ለሚያውቅ ሰው።»

ከድር ከጥግ ሆኖ «የሚያውቅ ሰው ምን ያደርግለታል ኢንጂነር?» አለ። እኔም ከዚያች መስመር አላለፍኩም።

ከዚያ የሜሮንን ከፈትኩ። የእሷ «ክፈት» አይልም፤ «ይክፈቱ» ይላል። በዕድሜዬ ሙሉ ማሽን «እርስዎ» ሲለኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። «ይህ ፎልደር ለመንገደኛ እንደሚቋጠር ስንቅ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ዘሪሁን እዚያ ላይ በአፍንጫው ተነፈሰ። ቴምፕሌቱን ከፈትኩ። መሙላት ያለብኝ ቦታ ሁሉ ምልክት አለው፦ «እዚህ የፕሮግራሙን ስም ይጻፉ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት።» «እዚህ ስምዎን ይጻፉ።» አስካለ ብዬ ጻፍኩ። ጣቶቼ ረስተው የነበረውን ነገር አስታወሱ። እጄን ሳላይ ነበር የምጽፈው። ለጥቂት ጊዜ ኮሚናሉ ጠፋብኝና ፀሐይ የገባበት የታይፕ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ጸዳለ በጎኔ ሆና ሪባን የምትቀይር፣ ውጭ ተላላኪው የሚያፏጭ። ደስታዬን ግን ለማንም አላሳየሁም።

«ፍጥነቱን አየሽ?» አላት ከድር ለሜሮን። «ጀለሴ፣ እኔና አንቺ ሥራ መቀየር አለብን።»

መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ቀርታ የነበረችው ፕሮግራሙን የሚጭን አንድ ትዕዛዝ ብቻ ናት። መመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት ከዚህ በታች እንዳሉ ይጻፉ፤ ክፍተት ይተዉ፤ በመጨረሻ ነጥብ ያድርጉ።»

ሁለቱን ቃላት ጻፍኩ። ክፍተት ተውኩ። ነጥብ አደረግኩ።

ቀይ ጽሑፍ ወረደ። እንግሊዝኛ ነው፤ ምን እንደሚል አላውቅም። እንደገና አነበብኩ፣ እንደገና ጻፍኩ፣ ነጥብ አደረግኩ። ደግሞም ቀይ። ሜሮን ከኋላዬ ቆማለች፤ አትናገርም፤ ደንቡ ነው። ሞከርኩ፣ ሞከርኩ። ኮቴ ሞቀኝ።

ዘሪሁን ከዘራውን አነሳ። «እንግዲህ አየሽ ሜሮን። ማብራሪያ ሲበዛ ሰው ይጠፋል። ልፋትሽን አደንቃለሁ፤ የድሮው ግን አጭር ነው። እሱው ይሂድ።»

ዞር ብዬ ሜሮንን አየኋት። ያን ፊት አውቀዋለሁ። የራሴ ፊት ነው፤ ከወንበር ሥር እግሬን ደብቄ የተቀመጥኩ ቀን የነበረኝ። የልጅቷ ልፋት በእኔ እጅ ከንቱ ሊቀር ነበር። ደግሞ በዚያችው ነጥብ። ዝም ብል ነገሩ አለቀ። ዝም ማለት ደግሞ ሠልጥኜበታለሁ።

«ኢንጂነር» አልኩ። «ይቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ነጥብ ምን ትሠራለች?»

በሩ ጋ ደርሷል። ሳይዞር «ዝም ብለው ነጥብ ያድርጉ፣ እናቴ» አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ይህን ቃል ከዚህ በፊት ነግረውኛል» አልኩት።

ዞረ። «የት?»

«ጫማ አውልቀን የምንገባበት ክፍል። ሰሌዳው ላይ ትዕዛዝ ጻፉ፤ መጨረሻው ነጥብ ነበር። ምን ትሠራለች ብዬ ጠየቅኩ። ነጥብ ምን ይሠራል የሚል ሰው የጽሕፈት መኪናው ይሻለዋል አሉ። እኔም ወደ ጽሕፈት መኪናው ተመለስኩ። ከዚያ ወደ መዝገብ ቤት። እነሆ ዛሬም ነጥቧን እያደረግኩ ነው፤ ዛሬም ምን እንደምትሠራ የነገረኝ የለም።»

ትክ ብሎ አየኝ። ፊቴን በትዝታው ሲፈልግ ቆየ፤ አላገኘኝም።

«አላስታውስዎትም» አለ።

«አውቃለሁ።»

ሜሮን ያን ጊዜ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። «እቴቴ፣ ያደረግሽው እኮ አራት ነጥብ ነው።»

«ታዲያ ስንት ነጥብ ላድርግ? ነጥብ አላልሽም? እኔ ታይፒስት ነኝ፤ ጽሑፍ የሚያልቀው በአራት ነጥብ ነው። ለእሱ ስል የፊደል ሰሌዳውን ወደ አማርኛ መልሼ ነው የጻፍኩት።»

ከድር ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ስንት ጊዜ አንብበነዋል። አንዳችንም አልታየንም።»

ሜሮን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «አንዲት ነጥብ ናት፣ የእንግሊዝኛዋ። ትዕዛዙ ‹ጫን› ይላል። ኮምፒውተሩ ‹የቱን ልጫን? የት ያለውን?› ይላል። ነጥቧ ‹እዚሁ ያለሁበትን› ብላ ትመልስለታለች። እዚሁ ማለት ናት እቴቴ። እኔም መጻፍ ነበረብኝ፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብዬ አለፍኩት።»

እዚሁ። ይህን ለመንገር ስንት ቃል ፈጀባት? ያኔ አንድ ሰው ይህችን ብቻ ቢለኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር ብዬ አሰብኩና፣ አስቤም ተውኩት። አራት ነጥቡን አጥፍቼ አንዷን ነጥብ አደረግኩ። ጽሑፍ ወረደ፤ ቀይ አልነበረም። ፕሮግራሙን ጠርቼ ፳፬ ብዬ ጻፍኩለት። 24 ብሎ መለሰልኝ።

«ተጠቀለለ» አለ ከድር። «ስንቁ መንገድ ገባ።»

ዘሪሁን ተመልሶ መጥቶ አንዱ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከዘራውን በሁለት ጉልበቶቹ መሐል ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«ጫማ እናስወልቃችሁ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«ለምን እንደነበር ያውቃሉ?»

«አቧራ እንዳይገባ ነው ተባልን።»

«እኛም እንደዚያው ነው የተባልነው። እውነት ይሁን አይሁን አናውቅም ነበር።» ከዘራውን በእጁ አዟዟረ። «ነጥቧንም አላውቃትም ነበር። እኔን ያስተማረኝ ሰው ሰሌዳ ላይ እንደጻፋት ገልብጬ ነው የመጣሁት። ምን እንደምትሠራ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ቆይቼ ነው።»

«አላውቅም ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ውጭ አገር ተምሮ መጣ ተብሎ የሚጠበቅ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?» ራሱን ነቀነቀ። «የማላውቀውን ሲጠይቁኝ ጊዜ ሰው አሳቅሁ። እርስዎን ብቻ ይመስልዎታል?»

ይቅርታ አላለም። እንዲለኝ ጠብቄ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ያለው ሌላ ነው። ወደ ሜሮን ዞሮ «እስክሪብቶ ስጪኝ» አለ። ሰጠችው። የራሱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ዝም ብለህ» የሚለውን ቃል ባየበት ሁሉ እየሰረዘ ወረደ። ቃሉ በዚያ አንድ ገጽ ላይ ያልገባበት ቦታ አልነበረም። ሰርዞ ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው።

«የአንቺው ይሂድ» አላት። «ነጥቧ ትብራራ። ቃሉን እትዬ አስካለ ይንገሩን፤ ከድር ይጽፈዋል።»

ከድር ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሊስብ እጁን ሰደደ።

«ተወው» አልኩት። «ታይፒስቷ እኔ ነኝ።»

ጻፍኩ፦ «ማሳሰቢያ፤ ይህች ነጥብ አንዲት የእንግሊዝኛ ነጥብ እንጂ አራት ነጥብ አይደለችም። እዚሁ፣ ያለሁበት ማለት ናት።» መጨረሻው ላይ አራት ነጥቤን አሳርፌ መታሁ።

ይኸው ነው የሆነው። መመሪያው ወጥቷል፤ ማሳሰቢያዋም አለች። ሜሮን ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በጻፈች ቁጥር እኔ ፊት ታስቀምጠዋለች። እኔ የማልወዳቸው ቃላት አሉኝ፤ «ዝም ብለህ»፣ «እንደተለመደው»፣ «እንደሚታወቀው»። አንዱን ሳገኝ ጣቴን አስቀምጥበትና ዝም ብዬ አያታለሁ። ትሰርዘዋለች።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ዘሪሁን በዓል ሲሆን ይደውላል፤ አንዳንዴ አነሳለሁ፣ አንዳንዴ እተወዋለሁ። መዝገብ ቤት ያሳለፍኩትን ዘመን ማንም አይመልስልኝም፤ አላውቅም ነበር ማለቱም ቁጭቴን ከፍ አደረገው እንጂ አላወረደውም። ባለማወቁ አልቀየመውም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ግን እናንተ የምታስተምሩ፣ ሰው ቢጠይቃችሁና ባታውቁት፣ አላውቅም በሉት። ብታውቁት ደግሞ ንገሩት። ከሁለቱ አንዱን ለማድረግ ረጅም ጊዜ አይወስድም።

አሁንም ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ እቆማለሁ። መኪናው እናቴ ጓዳ ውስጥ ቆሟል። ድሮ ሳየው ሰፈሬ ወዴት ሄደ እል ነበር። ሜሮን ከእንቅልፏ ተነስታ ሳሎን ውስጥ ስታጣኝ «እቴቴ፣ የት ነሽ?» ትላለች።

«እዚሁ» እላታለሁ።